የግራዋን እንዳትነኪ

አሞጽ ኮምፒውተር አይገዛም፤ ያስነሳል። ሰው የጣለውን፣ ውሃ የገባበትን፣ «ይሄማ አብቅቶለታል» የተባለለትን ሁሉ እየለቀመ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ ያጉራል። ከዚያ ከአንዱ ራም፣ ከሌላው ሃርድ ዲስክ፣ ከወዲያኛው ማራገቢያ ይፈታና አንድ የሚሠራ ነገር ያወጣል። እናቱ «ስንት ዓመት ያስተማርኩት ልጅ ቆራሌው ሆኖ ቀረ» ትላለች። እሱ ግን ይሄን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። እንዲያውም ደንበኛ ፊት ስትለው ደስ የሚለው ይመስለኛል፤ ለእሱ ያልተበላሸ ዕቃ መጠቀም ስንፍና ነው።

ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ፓተርን የጠፋበት ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ፊልም የሚያስጭን ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ምንም የሌለው ደግሞ ወሬውን ይዞ ይመጣል። የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል፣ ማን ከቤቱ ሳይወጣ ለውጭ ሰው ኮድ ጽፎ ይበላል፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሥራ ያሳጣናል ወይስ አያሳጣንም፣ እየተባለ ጉሮሮ እስኪደርቅ ይጮሃል። ጥግ ላይ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ የምትቀመጠው ሳባ ናት፤ ሶፍትዌር ተምራ የተመረቀች፣ ምላሷ ከጣቶቿ የሚፈጥን ልጅ። አሞጽን ካልነካካች ቀኑ የሚመሽላት አይመስላትም።

ከተነሱት ኮምፒውተሮች ሁሉ አሞጽ ነፍሱን የሚሰጥለት አልዓዛር ነበር። ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት በጋሪ ያመጣው አሮጌ ነው፤ ከሙታን ስለተነሳ ሳባ ያን ስም አወጣችለት። ተነሳ እንጂ ደህና ሆኖ አልተነሳም። ሲከፈት ያቃስታል፤ ከኪቦርዱ ፊደሎች ግማሾቹ ጠፍተው በስክሪብቶ ተጽፈዋል፤ የማውሱ የግራ ቁልፍ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ሌላ ሰው ቢሆን ማውስ ይገዛ ነበር። አሞጽ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገባና የግራው ሥራ ሁሉ ወደ ቀኙ እንዲዞር አደረገ። «ምን ጎደለ?» አለ። ምንም አልጎደለም፤ ጣቱም ለመደና ነገሩን ጭራሽ ረሳው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች መርሳት ነው።

ጋሽ ደግፌ ከላይ ከተራራው፣ የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠሩትን ጋቢ ይዘው ወደ ከተማ ይወርዳሉ፤ አሞጽም አንድ ጊዜ ስልካቸውን ጠግኖላቸው ይተዋወቃሉ። አንድ ቅዳሜ ግን ጋቢውን አስረክበው ሲያበቁ ስልክ ሳይሆን ልጅ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሳሮ፣ አሞጽ፤ ደህና ነህ ወይ? ይቺ ልጄ ናት፣ ዕድላዊት። ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ፈተናው በኮምፒውተር ነው አሉን። ተማሪዎቹ ለመለማመጃ ተጠርተው ነበር፤ ያን ዕለት ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ሳትደርስ ቀረች። እስከ ዛሬ ነክታው አታውቅም።»

«ትምህርቱስ ላይ እንዴት ናት?»

«ትምህርቱ ላይማ!» አሉና ጋሽ ደግፌ ፊታቸው በራ። ከታች ክፍል ጀምሮ የቀደማት እንደሌለ፣ ሐኪም እሆናለሁ ካለች እንደቆየች፣ መምህሮቿ ቤት ድረስ መጥተው «ይቺን ልጅ እንዳትድሯት» ብለው እንዳስጠነቀቋቸው ተረኩለት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የምፈራው ጥያቄው ይከብዳታል ብዬ አይደለም፣ ልጄ። መልሱን እያወቀችው ዕቃው እንዳይከለክላት ነው የምፈራው።»

ዕድላዊት በአባቷ ጀርባ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። አሞጽ ሆዱ ባባ። «ጋሼ፣ ምንም አያስቡ። እኔ ነኝ ያለሁት» አለና ደረቱን ነፋ። ሳባ ከጥጓ ሳቀችበት፤ ቢሆንም ያኑ ዕለት ላፕቶፗ ላይ የፈተና መለማመጃ መሥራት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ዕድላዊት በየቅዳሜው አባቷን ተከትላ እየወረደች አልዓዛር ፊት ትቀመጣለች። መጀመሪያ ላይ ጉድ ነበር! እጇን ማውሱ ላይ ለማስቀመጥ ራሱ ፈቃድ ትጠይቃለች። «ቲቸር፣ ልንካው?» «ንኪው።» «ልጫነው?» «ተጫኚው።» «አሁንስ ልልቀቀው?» አሞጽ በዕድሜው ማንም ቲቸር ብሎት ስለማያውቅ ደስ እያለው ይመልስላታል። ሳባ ግን «ይቺ ልጅ ተንፍሺ ካላልካት እኮ አትተነፍስም!» ትላለች።

የመጀመሪያው ዕለት ጣቷ ስታ የግራውን ቁልፍ ተጫነች። ምንም አልሆነም፤ እሷ ግን እጇን እሳት እንደነካው ሰው መነጨቀች።

«ሰበርኩት?»

«ምንም አልሰበርሽም። የግራዋ ድሮም የሞተች ናት። ተያት። የግራዋን እንዳትነኪ፤ ሁልጊዜ በቀኝ ነው።»

«እሺ ቲቸር። በቀኝ።»

ይኸው ነው። አንዴ የተባለችውን ሁለተኛ አታስደግምም። የግራዋን ቁልፍ ከዚያ ወዲያ በስህተት እንኳ አልነካቻትም፤ ጣቷን ሽቅብ አንጠልጥላ ነው የምትሠራው። ሰኔ ሲገባ ሳባ የሠራችውን መለማመጃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሳትስት ትወጣው ጀመር። ሳባ ራሷ ተገረመች። አሞጽማ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየጎተተ «ኑ እስቲ ተማሪዬን እዩ!» ማለት አበዛ።

የመጀመሪያው ፈተና፣ የእንግሊዝኛው ዕለት ጠዋት አሞጽና ጋሽ ደግፌ እስከ ግቢው በር ሸኟት። ዩኒፎርሟ ታጥቦ ተተኩሷል፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። በሩ ላይ ፍተሻው ረጅም ሰልፍ ነበረው። አሞጽ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ የመጨረሻ ምክሩን ለገሳት።

«አትቸኩዪ። አንብቢ። እና በቀኝ።»

«በቀኝ» አለችና ገባች።

እሱ ወደ ሱቁ፣ ጋሽ ደግፌ ወደ ዛፍ ጥላ ሄዱ። አሞጽ መንገዱን ያፏጫል። ሱቁን ከፍቶ የአንድ ስልክ የተነቀለ ቻርጅ ማድረጊያ መበየድ እንደጀመረ ሳባ ፈገግ ብላ ገባች። እጇ ላይ ያልተከፈተ ካርቶን ይዛለች።

«ለአልዓዛር ስጦታ ነው። ተማሪ ያስመረቀ ኮምፒውተር በእንደዛ ዓይነት ማውስ መቀመጥ የለበትም» ብላ አዲስ ማውስ አወጣች። አሮጌውን ነቅላ አዲሱን ሰካችና አልዓዛርን ከፍታ መነካካት ጀመረች። ወዲያው ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኗል? ፋይል ልክፈት ብዬ ስጫን ሌላ ዝርዝር ይዘረግፍብኛል። አዲስ ዕቃ እኮ ነው!»

«በቀኝ ተጫኚው» አለ አሞጽ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ለምንድነው በቀኝ የምጫነው? የዓለም ሕዝብ ሁሉ በግራ ነው የሚከፍተው።»

አሞጽ መበየጃውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የዓለም ሕዝብ ሁሉ። ከአልዓዛርና ከአንዲት የኦቾሎ ልጅ በስተቀር።

«ወይኔ!» አለ። «ወይኔ ሳባ! ልጅቷን ገደልኳት!»

«ምን ማለትህ ነው?»

«በቀኝ ነው ያስተማርኳት! የግራዋን እንዳትነኪ ነው ያልኳት! ዛሬ ጠዋት እንኳ ጆሮዋ ላይ ‹በቀኝ› ብዬ ነው የላክኳት!»

ሳባ መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት። ቀጥሎ ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። እሷ ከላፕቶፗ ውጭ ነክታ ስለማታውቅ፣ ይሄን ሁሉ ቅዳሜ አጠገባቸው ተቀምጣ ያቺን የአሞጽ ዘዴ አላየቻትም። «ቆይ፣ ተረጋጋ» አለች፤ «እዚያ ፈታኞች አሉ። እጇን ታወጣለች፣ ያሳይዋታል።»

«ዕድላዊት? እጇን? ‹ልንካው› ብላ የምትጠይቅ ልጅ ያን ሁሉ ሰው ፊት እጇን ታወጣለች? ሳታወጣ ነው ሰዓቱ የሚያልቅባት!»

ሱቁን ለሳባ ጥሎላት ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባና «ንዳው፣ ወንድሜ፣ ንዳው!» አለ። ሾፌሩ የታመመ ሰው ያለ መስሎት ነዳው። አሞጽ ግን በመንገዱ ሁሉ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች የምትታየው፤ ሌሎቹ ጥያቄ እየሠሩ እሷ ጣቷን አንጠልጥላ፣ በቀኝ እየተጫነች፣ እንባዋ ኪቦርድ ላይ ጠብ ሲል። መልሱን እያወቀችው። አባቷ የፈሩት ይሄንኑ ነበር፤ ከልካዩ ግን ዕቃው ሳይሆን ራሱ አሞጽ ሆኖ ተገኘ።

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ መንገድ ዘጋበት።

«የት ነው?»

«ወንድሜ፣ እባክህ፣ ውስጥ ላለች አንዲት ተፈታኝ አንድ ቃል ብቻ አድርሱልኝ። ዕድላዊት ደግፌ ትባላለች። ‹በግራ ተጫኚ› በሏት። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጠባቂው ዓይኑን አጥብቦ ከላይ እስከ ታች አየው። «‹በግራ› ማለት ስንተኛው ጥያቄ ነው?»

«ጥያቄ አይደለም! ማውስ ነው!»

«እናንተ ልጆች እኮ የማታመጡት ዘዴ የለም። መልስ ልታስተላልፍ ነው? በል ዞር በል ከዚህ፣ ለፖሊስ ሳልሰጥህ!»

ሊያስረዳው ሞከረ። ባስረዳ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ የስርቆት ምልክት እየመሰለ ሄደ። በመጨረሻ ጠባቂው ሬዲዮውን ሲያነሳ አሞጽ እግሬ አውጪኝ አለ።

ጋሽ ደግፌ ኒም ዛፍ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ለልጃቸው ያመጡት ሙዝ አጠገባቸው ነው። «ደግ አደረግህ መጣህ» አሉት፤ «ብቻዬን ሰዓቱ አልሄድ ብሎኝ ነበር።»

አሞጽ ፊታቸው ቁጢጥ አለ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ምላሱ እንቢ አለው። ሁሉንም ዘከዘከው፤ የሞተውን ቁልፍ፣ ሴቲንጉን፣ «የግራዋን እንዳትነኪ» ያለውን። ሲጨርስ አንገቱን ደፍቶ ስድብ ጠበቀ።

ጋሽ ደግፌ ወደ ፈተናው ግቢ ጠቆሙ። «እዚያ ቤት ያለው ማውስ ሁለቱም ቁልፍ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ ጋሼ።»

«ልጄስ ሌላ ጣት የላትም?»

«አላት! ግን እንዳትነኪ ብያታለሁ። እሷ ደግሞ የተባለችውን ነው የምታደርገው።»

«ማን? ዕድላዊት?» አሉ ጋሽ ደግፌ፤ ከዚያ ጋቢያቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ ፊት አንገቷን ብትደፋ እውነት መሰለህ? እንግዳ አፍራ እኮ ነው! ቤት ውስጥ እናቷንና እኔን አሰልፋ የምትነዳን እሷ ናት። የተባለችውን የምታደርግ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አግብታ ወልዳ ነበር።»

አሞጽም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ፤ ምክንያቱም ጋሽ ደግፌ ራሳቸው መሳቁን ትተው ነበር። «ግን ደግሞ» አሉ ወደ በሩ እያዩ፤ «እዚያም ውስጥ ያለው ሁሉ እንግዳ ነው።»

ፀሐዩ ከረረ፤ አርባ ምንጭ ስትሞቅ ደግሞ ለማንም አታዝንም። ጋሽ ደግፌ አንድ ሙዝ ላጡ፤ ሳይበሉት በእጃቸው እንደያዙት ጠቆረ። አሞጽ በልቡ እግዚአብሔርን ለመነ። ማውስ ገዝቼ አላውቅም፣ ከእንግዲህ እገዛለሁ፣ የተባለውን ሁሉ እገዛለሁ፣ ብቻ ይቺን ልጅ እጇን አስወጣልኝ አለ። ሳባ ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳውም።

ተፈታኞቹ መውጣት ሲጀምሩ ሁለቱም ብድግ አሉ። አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ስለ አንድ ጥያቄ ከጓደኛዋ ጋር ትከራከራለች፣ ሌላው ሰማይ ሰማይ ያያል። ዕድላዊት የለችም። ግቢው ባዶ ሊሆን ነው፤ አሁንም የለችም። አሞጽ አንገቱን አስግጎ ወደ ግቢው ውስጥ ተመለከተ።

በመጨረሻ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ማልቀሷ ከሩቅ ይታያል። አሞጽ በቃ፣ አለቀ፣ ብሎ መሬት ቢውጠው ተመኘ። እሷ ግን አባቷን አልፋ፣ ሙዙን አልፋ፣ ቀጥ ብላ ወደ እሱ መጣች። ጣቷን ደረቱ ላይ ሰካችው።

«አንተ!» አለች። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ምን በድዬህ ነው?»

«ዕድላዊት፣ እኔ…»

«ዝም በል! ጀምሩ ተባለ። በቀኝ ተጫንኩ፣ የሆነ ዝርዝር ወጣ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ሌላ ቦታ ወጣ! ጎኔ ያለችው ልጅ ጥያቄ ታነባለች፣ እኔ ዝርዝር አነባለሁ! የግራዋን እንዳልነካ ደግሞ አንተ ብለኸኛል። የሰው ዕቃ ሰብሬ ቢያባርሩኝስ ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ!»

«ከዚያስ?» አሉ አባትየው።

«ከዚያማ ተናደድኩ!» አለች። ንዴቷ ሲመለስ አማርኛው አልበቃ አላት መሰለኝ፣ ወደ ጋሞኛ ገባች። ያለችውን እዚህ አልደግመውም፤ ጋሽ ደግፌ ግን «ኧረ ልጄ፣ ሰው ይሰማል!» ብለው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የአሞጽን ዘዴ፣ የአሞጽን ሱቅና አልዓዛርን ከነስሙ ገደል ከታ ስታበቃ ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ቢሰበርም ይሰበር፣ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብዬ የግራዋን በንዴት ቀጠቀጥኳት። ተከፈተ!»

«ተከፈተ?» አለ አሞጽ።

«ተከፈተ እንጂ! ፈታኙ ‹ቀስ በይ እንጂ፣ እህቴ› አለኝ። ‹አንተም ቀስ በል› አልኩት።»

«የእንግሊዝኛው ጥያቄስ? ሰዓቱ በቃሽ?» አለ አሞጽ።

«ጨርሼ፣ ከመጀመሪያው ደግሜ አይቼ ነው የወጣሁት። ለዚህ ነው የቆየሁት። ቀላል ነበር።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ንዴቱ ወጥቶላት ድካሙ ቀረ። ጋሽ ደግፌ ጎትተው አቀፏት። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አሞጽ አየና ያላየ መሰለ።

እሱ ራሱ መንገዱ ዳር ዘጭ አለ። እፎይ አለ፤ እፎይ ሲል ሳቅ መጣበት፣ ከሳቁ ጋር እንባው መጣ። በዕድሜው እንደዚያ የተሰደበበት ቀን የለም፤ እንደዚያ የተደሰተበት ቀንም የለም። «ስደቢኝ» አላት እየሳቀ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከቀረሽ ጨምሪልኝ።»

«ለጊዜው ይበቃሃል» አለች ዕድላዊት። ከአባቷ እቅፍ ወጥታ ፊቷን ጠረገችና ሙዙን አንስታ መላጥ ጀመረች። «ነገ ሒሳብ ነው። ደግሞ ስማኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ተፈታኞች ከእኛ መንደር ይመጡብሃል፤ ከእኔ አንድ ክፍል ወደ ታች ያሉትን አውቃቸዋለሁ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የሚያውቅ የለም።»

«ይምጡ! በደስታ አስተምራቸዋለሁ።»

«አንተ?» አለች፤ አፏን በሙዝ እንደሞላች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አንተ በሩን ትከፍታለህ። የማስተምራቸው እኔ ነኝ።»